ለሌለ ሰው አቤት ማለት

አክስቴ የማትደራደርበት አንድ ሕግ ነበራት። ስምህ ከማታየው ሰው አፍ ሲጠራ ቶሎ አቤት እንዳትል፤ ጠሪው ሰው ከሆነ ይደግመዋል፣ ይሠልሰዋል። ሰው ካልሆነ ግን አንዴ ብቻ ይጠራል፣ አቤት ያለውንም ይዞት ይሄዳል። ያደግሁት ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቁልቁል ባለው ሠፈር በእሷ ቤት ስለሆነ፣ ጓደኞቼ ከአጥር ማዶ ሲጠሩኝ ዝም ብዬ እጠብቅ ነበር። በዚህም የተነሣ "ደንቆሮው" የሚል ስም ወጥቶልኛል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሳይንስ የሚባለውን ነገር ስቀምስ በሕጓ እስቅባት ጀመር። እሷም "ሳቅ፣ ሳቅ፤ ጥርስህ እንደሆነ ነጭ ነው" ትለኛለች እንጂ አትከራከረኝም።

ይህን የማነሣው፣ ቆየት ብሎ፣ የሌላ ሰው ስም በተጠራ ቁጥር አቤት እያልኩ የኖርኩበት ጊዜ ስለነበረ ነው።

ጊዜው የደርግ ነው። ወጣት ከየቤቱ እየተለቀመ የሚወሰድበት ክፉ ዘመን አልፏል፤ ሰው ግን ገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። እኔ የድህረ ምረቃ ተማሪ ነኝ፤ የማጠናውም ዕፅዋት። በዚህ ሙያ ያሉ ምሁራን አንድ ማኅበር ነበራቸው። ማኅበሩ መጽሔት ያሳትማል፣ ጥናት የሚቀርብበት ጉባኤ ያዘጋጃል። በዚያ መጽሔት ላይ ጽሑፍ ያላወጣ ሰው ውጭ አገር ሄዶ የመማር ተስፋው የመነመነ ነበር። ስለዚህ የማኅበሩ ሰብሳቢ እኛን የድህረ ምረቃ ተማሪዎች ቢሯቸው ጠርተው፣ በማኅበሩ ሥራ እንድንሳተፍ እንደሚፈልጉ ሲነግሩን ደስታችን ልክ አልነበረውም።

ሰብሳቢያችን በዕድሜ የገፉ፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ሁልጊዜ የደረቀ ሣር የሚሸት መምህር ነበሩ። የማኅበሩ ደንብ የሚላቸው "ሊቀ መንበር" ነው፤ ነገር ግን ያ ማዕረግ በዚያን ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ የተቀመጠ ስለሚመስል "ሰብሳቢ" ማለቱን ሁላችንም መረጥን። አገሪቱ ውስጥ ዕፅዋት አጠናለሁ ከሚል ሰው አብዛኛውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ተሳትፏችን ምን እንደሆነ የገባን በኋላ ነው። በማኅበሩ ደንብ መሠረት ከመሥራች አባላቱ ከግማሽ በላይ ካልተገኙ ስብሰባው አይጸናም። ከእነዚህ አባላት አንዳንዱ ተሰዷል፣ አንዳንዱ ታስሯል፣ አንዳንዱ ደግሞ የት እንደደረሰ አይታወቅም። አንድን አባል ከመዝገብ ለማውጣት ሞቷል ወይም ለቋል ማለት ያስፈልጋል። ሞቷል ካሉ ደግሞ ማን ገደለው የሚል ጥያቄ ከኋላ ይከተላል፤ ያን ጥያቄ በአፉ የሚያዞር ደፋር አልነበረም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ሁሉም ተወው። እንዲህ እየሆነ ማኅበሩ ምልዓተ ጉባኤ አጥቶ ሊዘጋ ሲል ሰብሳቢያችን መላ ዘየዱ። ለእያንዳንዳችን የአንድ የጠፋ አባል ስም ተሰጠን። ስሙ ሲጠራ አቤት እንላለን፣ ድምፅ ሲሰጥ በእሱ ፈንታ እጃችንን እናወጣለን።

"ወንበር ማሞቅ ነው" አሉን። "ባለቤቱ ሲመጣ ትነሡለታላችሁ።"

አብራኝ የምትማር አንዲት ምላሰኛ ልጅ ነበረች። ለእሷ የደረሳት የወንድ ስም ነው። "እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ጢም ማሳደግ አለብኝ" ብላ አሳቀችን። ያኔ ሁሉም ነገር እንደ ቀልድ ነበር የታየን።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያሉት አዳራሾች በውይይት ክበብ ተይዘው ስለሚውሉ ማኅበሩ የሚሰበሰበው ኮልፌ፣ በአንድ የቀበሌ አዳራሽ ነበር። ለእኔ ተመቸኝ፤ ከቤቴ በእግሬ እደርሳለሁ። ሌሎቹ ጦር ኃይሎች ወርደው አውቶቡስ ሲጠብቁ ግማሽ ቀናቸው ያልቃል። ቀበሌው አዳራሹን የፈቀደው በአንድ ውል ነው፤ ስብሰባው ድብቅ እንዳይሆን ድምፅ ማጉያው ክፍት ሆኖ ይዋል። ጡሩምባው ከአዳራሹ ውጭ በረጅም የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተሰቅሏል። በሌላው ቀን ስኳርና ሳሙና መምጣቱ የሚታወጅበት ጡሩምባ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ስለ ሥርና ስለ ቅጠል የምናወራውን ሁሉ በመንደሩ ላይ ያፈስሰዋል። የሠፈሩ እናቶች ልብስ እያሰጡ ሳይወዱ በግድ ዕፅዋት ተማሩ። የስም ጥሪውም ከዚህ አያመልጥም። ረጅም ገመድ ያለው ማይክሮፎን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ስሙ የተጠራ ሰው ተቀብሎ አቤት ይላል፣ ለጎረቤቱም ያቀብላል። በር ላይ የሚቆመው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ተደግፎ ያዳምጣል። ስም ተጠርቶ አንድ ሰው አቤት ካለ ለእሱ ነገሩ አለቀ።

የእኔ ሰው ስም ተጠራ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የሚበቃውን ያህል ተጠርቷል። ማይክሮፎኑን ተቀብዬ አቤት አልኩ። ድምፄ ከጡሩምባው ወጥቶ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ባሕር ዛፍ ላይ ደርሶ፣ ትንሽ ዘግይቶ ተመለሰ። ሲመለስ የእኔ አልመሰለኝም። ወፈር ያለ፣ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው ድምፅ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ምላሰኛዋ ልጅ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። እሷም ሰምታዋለች ማለት ነው። በዚያ ቀን የእሷ ተራ ሲደርስ ቀልድ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በየስብሰባው አቤት አልኩ። ሰብሳቢያችን በሻይ ሰዓት ሳይቀር በሰውየው ስም ይጠሩኝ ጀመር። መጀመሪያ ረስተው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። አንድ ቀን ግን ትከሻዬን ይዘው፣ ከጅማ ያመጣኋት ተክል ስሟ ታወቀ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔ ጅማን በካርታ እንጂ በዐይኔ አይቼ አላውቅም። "ገና ነው" አልኳቸው። መልሱ ከአፌ ሲወጣ እኔን ራሴን ቀዘቀዘኝ፤ ምክንያቱም ሳላስብበት ነው የወጣው።

የባሰው የመጣው ቤት ውስጥ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳነብ አክስቴ በቁጣ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። ከጓሮ ስትጠራኝ ነበር። አንዴ ጠራች፣ ደገመች፣ ሠለሰች፤ እኔ ግን ንቅንቅ አላልኩም። ሕጓን አክብሬ መስሏት ነበር። ፊቴን ስታየው ግን እንዳልሰማሁ ገባት። ሰምቼ ነበር፤ የሰማሁት ግን የሌላ ሰው ስም መስሎኝ ነው። አክስቴ ግንባሬን በመዳፏ ዳሰሰች፤ ትኩሳት አልነበረኝም።

አንዲት ሴትዮ ማየት የጀመርኩት በዚያው ሰሞን ነው። ስብሰባው አልቆ ስንወጣ ከአዳራሹ በር ፊት ለፊት ቆመው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ ስበው፣ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ፊት ያያሉ። ሰው ሲያልቅ ይሄዳሉ። በሚቀጥለውም ስብሰባ እዚያው ነበሩ። በሌላ ጊዜ ግን እኔ ከአንዱ ጋር እያወራሁ ስወጣ ድምፄን ሰምተው ቀረብ አሉ።

"አንተ ነህ?" አሉኝ።

"ምኑ፣ እማማ?"

"አቤት የምትለው።"

መካድ ይቻል ነበር፤ አብዮት ጠባቂው ከኋላዬ ነው ያለው። ግን እንደዚያ ዓይነት ዐይን ፊት መዋሸት አልሆነልኝም። እኔ ነኝ አልኳቸው። ተከተለኝ እንኳ ሳይሉ መንገድ ጀመሩ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ቤታቸው ከአዳራሹ ጀርባ፣ ጡሩምባው በቀጥታ በዞረበት በኩል ነበር።

የጠፋው አባል እናት ናቸው። ልጃቸው የተወሰደው መርካቶ በኩል ይኖሩ በነበረ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ወንድማቸው አጠገብ ለመሆን ወደ ኮልፌ የመጡት። ከግቢው ጥግ ያለችውን ክፍል ከፍተው አስገቡኝ። አልጋው ተነጥፏል፤ ብርድ ልብሱ ተጣጥፎ እግርጌ ተቀምጧል፤ ከአልጋው ሥር የተወለወለ ጫማ አለ። ግድግዳው ላይ ባለው መደርደሪያ በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ተጨምቀው የደረቁ ዕፅዋት፣ ነዶ ነዶ ሆነው ተደርድረዋል። የሰብሳቢያችን ኮት የሚሸተው ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። ልጃቸው እዚህ ክፍል ውስጥ አንድም ቀን አላደረም። ቤቱን ሳያውቀው ነው ዕቃው የገባለት።

ቁጭ አድርገው የነገሩኝ ይህን ነው። ከእስር የተፈታ አንድ ሰው ለወንድማቸው ወሬ አምጥቷል፤ ልጁን አንድ ቀን ከታሰሩበት ጠርተው አወጡት፣ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም፣ ልብሱ ግን ተመልሷል። ዘመድና ጎረቤት ተመካክሮ እሑድ ሊነጋጋ ሲል መርዶ ሊነግራቸው ተቀጣጠረ። እሳቸውም ማንም ባይነግራቸውም ገብቷቸዋል፤ የሰው ዐይን ሲሸሽ እናት ታውቃለች። ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸውን ጠርገው፣ ጥቁር ልብሳቸውን አጥበው አስጥተው፣ መርዷቸውን ሲጠብቁ፣ የልጃቸው ስም በጡሩምባ ተጠራ። አቤት የሚል ሰውም ተገኘ።

ያ የእኔ የመጀመሪያ አቤት ነበር።

እሑድ ሲነጋ ማንም አልመጣም። ወንድማቸው ጉድ ብሎ የሰበሰበውን ሰው በተነ። ሰው አቤት እያለ ለቅሶ አይቀመጥም። ልጁን ፍለጋ አዳራሹ ድረስ የሄደ ዘመድ ግን አልነበረም፤ እንዴት ተፈታ የሚል ጥያቄ እንቀሰቅስበታለን ብለው ፈሩ። እሳቸው ድምፁ የልጄ አይደለም ቢሉ፣ ኀዘን አዙሯት ነው ተባለ። ጥቁር ልብሱ ታጥፎ ሣጥን ገባ። ከዚያ ወዲህ ስሙ በተጠራ ቁጥር ጎረቤቶች እንኳን ደስ ያለሽ እያሉ ይሳለሟቸዋል። ለእኛ ይህን የነገረን ሰው የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ በገዛ አፋችን የዘራነውን መንደሩ ሁሉ ሲያውቀው እኛ አናውቅም ነበር።

"አንድ ነገር አድርግልኝ" አሉኝ። "እዚህ ሁን።"

ወጡና በሩን ዘጉት። ግቢው መካከል ደርሰው ቆሙ መሰለኝ፤ የኮቴያቸው ድምፅ ቆመ። ከዚያ የልጃቸውን ስም ጠሩ። ልጅን ለምሳ እንደሚጠሩት ነበር የጠሩት። የአክስቴ ሕግ ትዝ አለኝና ጠበቅሁ። ደግመው ጠሩ። ሦስተኛ ሲጠሩ አቤት አልኩ።

መስኮቱም በሩም ዝግ ነበር። ንፋስ የሚባል ነገር አልነበረም። ከመደርደሪያው ላይ ግን የደረቁት ቅጠሎች በጋዜጣው ውስጥ ኮሽ ሲሉ ሰማሁ፤ ከአንዱ ነዶ ተነሥቶ እስከ ሌላው ጫፍ ሄደና ጸጥ አለ። አይጥ ይሆናል፤ ዛሬም አይጥ ነው እላለሁ። ያኔ ግን ከአልጋው ሥር ያለውን ጫማ ማየት ፈርቼ ዐይኔን በሩ ላይ ተከልኩ።

በሩን ከፈቱ። ፊታቸው ላይ ዕንባ አልነበረም።

"አይደለም" አሉ። "አለመሆኑን አውቅ ነበር። ግን ከገዛ ጆሮዬ ጋር አጣላችሁኝ።"

ልነግርልዎ እችላለሁ፣ ለወንድምዎም ለጎረቤትም አስረዳለሁ ብል አልፈለጉም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መንደሩ በጡሩምባ የሰማውን እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ ብናገር ማን ያምነኛል? የጠየቁኝ ሌላ ነው። ስሙ ሲጠራ ዝም እንድልላቸው ብቻ። ልጃቸውን እንዲያለቅሱት።

በማግሥቱ ሰብሳቢያችን ቢሮ ሄድኩ። ነገሩ ከባድ ነበር። በሚቀጥለው ጉባኤ አዲስ ምርጫ ይደረጋል፤ የእኔም የመጀመሪያ ጥናት የሚቀርበው በዚያው ቀን ነው። ምልዓተ ጉባኤው የሚሞላው ለጥቂት ስለሆነ አንድ አቤት ከጎደለ ሁሉም ይፈርሳል። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። በማጉያ መስታወት የሚያዩትን ቅጠል አስቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ተሰበረ። ከሁሉም ተማሪዎቻቸው አብልጠው የሚወዱት እሱን ነበር። ለምልዓተ ጉባኤ ብለው የጀመሩት ነገር ውሎ አድሮ ሌላ ነገር ሆነባቸው፤ ስሙን ሲጠሩ አንድ ሰው አቤት ሲል፣ ለዚያች ቅጽበት፣ አልተወሰደም።

"መጥራቴን አልተውም" አሉኝ በመጨረሻ። "የምታደርገውን አንተ ታውቃለህ። ጽሑፍህ እንደሚቀርም ታውቃለህ።"

አውቃለሁ አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ጽሑፌን እወደው ነበር።

ቅዳሜ ዝናቡ አባርቶ ጉም ከባሕር ዛፉ ላይ ወርዶ ነበር። አዳራሹ ሞላ። ጥናቴን በካኪ ፖስታ ይዤ ተቀመጥኩ። ጥሪው ተጀመረ። አቤት፣ አቤት እየተባለ ማይክሮፎኑ ወደ እኔ መጣ። ስሙ ተጠራ።

ማይክሮፎኑን አፌ አጠገብ ያዝኩት፣ ዝም አልኩ። ትንፋሼ ከውጭ ከጡሩምባው ሲወጣ ይሰማኛል፤ ኮልፌ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ተኝቶ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። ሰብሳቢያችን ቀና ብለው አዩኝና ደግመው ጠሩ። ትንፋሼ ብቻ መለሰ። ሰው ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠሩ ድምፃቸው የጥሪ አልነበረም፤ ልመና ነበር። ያን ጊዜ ፈራሁ። የፈራሁት እሳቸውን ወይም አብዮት ጠባቂውን አይደለም። እኔ ዝም ስል ሌላ ሰው ከውጭ አቤት እንዳይል ነው የፈራሁት።

ማንም አላለም።

ሰብሳቢያችን መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ ማይክሮፎናቸው ጎንበስ ብለው "የለም" አሉ። ቆይተው፣ "ልጃችን የለም። አርፏል" አሉ።

ጡሩምባው ቃሉን ይዞ ሄደ፣ ባሕር ዛፉ መለሰው። ከዚያ ከአዳራሹ ጀርባ የአንዲት ሴት ጩኸት ተነሣ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፤ የታሰረ ነገር የተፈታለት ሰው ጩኸት ነበር። ተከትሎ ከየግቢው ሌሎች ሴቶች ተቀበሏት። አብዮት ጠባቂው ወደ ማጉያው ማጥፊያ እጁን ዘረጋ፤ ያ ክፉ ዘመን ለእንዲህ ዓይነቱ ሟች ማልቀስ የተከለከለበት ነበር፣ አሁን መፈቀድ አለመፈቀዱን እሱም የሚያውቅ አልመሰለኝም። እጁን መልሶ ኪሱ ከተተ።

ሰብሳቢያችን መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና የሚቀጥለውን ስም ጠሩ። የምላሰኛዋ ልጅ ሰው ነው። ማይክሮፎኑን ከእኔ ተቀበለች፣ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው፣ አሳለፈችው። "የለም" አሉ። የሚቀጥለውም ተማሪ አሳለፈው። አቤት የሚሉት በእውነት ያሉት ብቻ ሆኑ። ጥሪው ሲያበቃ ምልዓተ ጉባኤው አልተሟላም ብለው ጉባኤውን ዘጉ። ማኅበሩም በዚያው ተዘጋ፤ የእኔ ጥናት ከፖስታው አልወጣም።

ማንም ወደ ጦር ኃይሎች አልሄደም። ሰብሳቢያችን ቀደሙ፣ ምሁሩም ተማሪውም ጭቃውን እየረገጠ ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለው ቤት ሄደ። ግቢው ሞልቷል። ወንድምየው የሚገባውን ሰው እየተቀበለ ያስቀምጣል። እናቲቱ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከጥጉ ክፍል በር ላይ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢያችን እግራቸው ሥር ተደፍተው አለቀሱ። ያን ያህል ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ ሳይ እኔም ለማላውቀው ሰው ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ለመሰናበት ስቀርብ እናቲቱ ቀና ብለው አዩኝ። ያ ሁሉ ሲሆን ስሜን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም ነግሬያቸው አላውቅም።

"ስምህ ማነው፣ ልጄ?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ከዚያ በለቅሶ በሻከረ ድምፅ ስሜን ጠሩት፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

አቤት አልኳቸው።